አዳኝ ተርብን በግዳዩዋ መለየት፦ ከበረንዳ ጭቃ እስከ ሜዳ ጉድጓድ

በረንዳችሁ ጣሪያ ሥር ወይም መስኮት ጥግ ላይ የተለጠፈ፣ አውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ጭቃ አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ገፋ አድርጎ ያወርደዋል። እኔም ልጅ ሆኜ አወርደው ነበር። አንድ ቀን ግን የወደቀው ጭቃ ለሁለት ተሰነጠቀና ከውስጡ ሸረሪቶች ተዘረገፉ። አሥር ያህል ይሆናሉ። አንዷን በስንጥር ነካ ሳደርጋት እግሯ ተንቀጠቀጠ። አልሞተችም ነበር።

ጭቃውን የሠራችው ተርብ ናት። ሸረሪቶቹን ያመጣቻቸው ለራሷ አይደለም፣ ለልጇ ነው። እሷ የምትኖረው በአብዛኛው የአበባ ወለላ እየጠጣች ነው። ልጇ ግን ሥጋ ይፈልጋል። ሥጋው ደግሞ ሳይበላሽ ለቀናት መቆየት አለበት። እኛ ቋንጣ እናደርቃለን። እሷ ትነድፈዋለች። መርዙ ያደነችውን ነገር ያደነዝዘዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም። ከዚያ እንቁላሏን ትጥልበትና በሩን ትዘጋለች።

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር አንድ ነው። አዳኝ ተርቦች በመልክ በጣም ይመሳሰላሉ፤ በሚያድኑት ነገር ግን ይለያያሉ። አንዷ ሸረሪት ብቻ ነው የምትፈልገው። ሌላዋ ፌንጣ ካልሆነ አትነካም። ስለዚህ ተርቧን ማወቅ ስትፈልጉ ክንፏንና ቀለሟን ብቻ አትመልከቱ። የያዘችውን እዩ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ካሜራው ደህና የሆነ ሞባይል፣ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃሉ። ፀሐያማ ቀን ምረጡ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ደመና ሲሆንና ሲነፍስ ተርቦች ይጠፋሉ።

የት ልፈልግ ካላችሁ፣ አበባ ባወጣ እንስላል ወይም ድንብላል ጀምሩ። እነዚህ አበቦች ወለላቸው ጥልቅ ስላልሆነ ተርቦች ይወዷቸዋል። ሁለተኛው ጥሩ ቦታ ሣር ያልሸፈነው፣ ፀሐይ የሚመታው ለስላሳ አፈር ነው። ሦስተኛው የቧንቧ ውኃ የሚንጠባጠብበት እርጥብ ጭቃ ነው። እዚያ ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ሆዷን ወደ ላይ ሰቅላ፣ እየጮኸች ጭቃ የምታድቦለቡል ተርብ ካገኛችሁ ተከተሏት። ቤቷን ራሷ ታሳያችኋለች።

ስለ ደህንነት አጭር ነገር ልበል። ብቻቸውን የሚኖሩ አዳኝ ተርቦች ለጎጆአቸው ሲሉ ሰውን ተከትለው አይነድፉም። በእጅ ከተያዙ ወይም ከተጨፈለቁ ግን ይነድፋሉ። ስለዚህ በእጃችሁ አትያዟቸው። የንብ ወይም የተርብ ንድፊያ የሚያሳብጠው ወይም ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሰው ብቻውን አይውጣ።

1. ተርብ መሆኗን አረጋግጡ

መጀመሪያ ክንፍ ቁጠሩ። ተርብ 4 ክንፍ አላት፤ ዝንብ 2 ብቻ። በበረራ ላይ ይህን ማየት ስለማይቻል አንቴናዋን ተመልከቱ። የተርብ አንቴና ረጅምና በግልጽ የሚታይ ነው። የብዙ ዝንቦች አንቴና ግን አጭር ነው፤ ከሩቅ የለም ያስብላል። ቢጫና ጥቁር ለብሰው ተርብ የሚመስሉ ዝንቦች ብዙ ናቸው። አበባ ላይ አየር ውስጥ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ታዩአቸዋላችሁ።

ከንብ የምትለየው በፀጉር ነው። ንብ ፀጉራም ናት፤ የአበባ ዱቄት በእግሯ ወይም በሆዷ ሥር ትሸከማለች። የተርብ ሰውነት በአብዛኛው ልሙጥ፣ እግሯም ቀጭን ነው። ወገቧም በደንብ የተሰረሰረ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ንብ የያዘ ሁሉ ተርብ አይደለም። ነፍሳትን በአየር ላይ ቀልቦ የሚይዝ ትልቅ አዳኝ ዝንብ አለ። ዓይኑ ትልልቅ ነው፤ ፊቱ ላይ ጢም የመሰለ ፀጉር አለው። የያዘውን ይዞ ቅጠል ወይም እንጨት ላይ ያርፍና እዚያው ይመጠዋል። ተርቧ እንዲህ አታደርግም። ሸክሟን ይዛ ወደ ቤቷ ትቸኩላለች።

2. ብቸኛ ናት ወይስ ከማኅበር?

በጣሪያ ክፈፍ ሥር ወረቀት የመሰለ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ጎጆ ሠርተው አብረው የሚኖሩት ተርቦች እነዚህ አይደሉም። እነሱም ያድናሉ፤ አደናቸው ግን ሌላ ነው። አባጨጓሬውን እዚያው ቆራርጠው፣ አኝከው፣ እንደ ጉርሻ ጠቅልለው ይወስዱታል። ስለዚህ ተርቧ በአፏ ቅርጹ የጠፋ አረንጓዴ ድቡልቡል ሥጋ ከያዘች የማኅበር ተርብ ናት። እነዚህኞቹ ጎጆአቸውን ይከላከላሉና ራቅ በሉ።

ብቸኛዋ ግን ግዳዩዋን ሙሉውን ነው የምትወስደው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ እሷ ነው።

3. እንዴት እንደያዘችው ተመልከቱ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ከሩቅ ሆናችሁ የግዳዩን ዓይነት መለየት ባትችሉ እንኳ አያያዟ ብዙ ይነግራችኋል። ካሜራችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጉት። ፎቶ አንድ ቅጽበት ብቻ ነው የሚይዘው፤ አያያዟን በደንብ የሚያሳየው ግን እንቅስቃሴዋ ነው።

ወደ ኋላ እየሄደች በመሬት ላይ የምትጎትት ከሆነ፦ የሸረሪት አዳኝ የመሆን ዕድሏ ትልቅ ነው። እነዚህ ተርቦች እግራቸው ረጅም ነው። መሬት ላይ ሲሮጡ ክንፋቸውን እየደጋገሙ ያርገበግባሉ። የብዙ ሴቶቹ አንቴና ጫፉ የተጠቀለለ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ሸረሪት ብቻ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ሸረሪቷ ትልቅ መሆን አለባት፤ ብዙ ጊዜም ከተርቧ ትበልጣለች። ይዞ መብረር ስለማይቻል ትጎትታታለች። በአፍሪካ ካሉት ትልልቆቹ መካከል ሰውነታቸው ጥቁር፣ ክንፋቸው ብርቱካናማ የሆኑ አሉ። ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩትን ፀጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች ያድናሉ። እንዲህ ዓይነቷን ካያችሁ በምንም መንገድ አትንኳት። የእነዚህ ተርቦች ንድፊያ ከነፍሳት ንድፊያ ሁሉ እጅግ ከሚያሙት ይመደባል።

ግዳዩዋን ከሆዷ ሥር አድርጋ፣ ከላይ እንደ ፈረስ ተፈናጥጣ፣ ወደ ፊት የምትራመድ ከሆነ፦ የያዘችው ረጅምና ልሙጥ ነው? እንግዲያው አባጨጓሬ ነው። ተርቧም ወገቧ እንደ ክር የረዘመ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሆና ሆዷ ላይ ቀይ ያለባት ናት። አባጨጓሬውን ጀርባውን ወደ መሬት አድርጋ በመንጋጋዋ አንገቱ አካባቢ ትነክሰዋለች። ይቺን ተርብ ካገኛችሁ እስከ መጨረሻው ጠብቁ። ጉድጓዷን ስትዘጋ ትንሽ ጠጠር በመንጋጋዋ ይዛ አፈሩን ስትደልድል ልታዩ ትችላላችሁ። መሣሪያ የምትጠቀም ነፍሳት ናት። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ፎቶ ማንሳቱን ረስቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በአንቴናው ይዛ የምትጎትተው ከሆነ፦ ፌንጣ መሆኑን ጠርጥሩ። የፌንጣ አንቴና ጥሩ መያዣ ነው። ተርቦቹ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ አንቴናው ከሰውነቱ የሚረዝም የቅጠል ፌንጣ ያድናሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንቴናው አጭር የሆነውን ተራ ፌንጣና አንበጣን ያድናሉ። እነዚህኞቹ በምሥራቅ አፍሪካ የአንበጣ መንጋን ተከትለው ሲጓዙ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አገራችንን ያስጨነቀውን አንበጣ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በአየር ላይ ታቅፋ ይዛ የምትመጣ ከሆነ፦ ግዳዩ ቀላል ነው ማለት ነው። ዝንብ ወይም ንብ ሊሆን ይችላል። የዝንብ አዳኟ የአሸዋ ተርብ በመሃል እግሮቿ አቅፋ ትመጣለች፤ ጉድጓዷ አፍ ላይ አርፋ በፊት እግሮቿ እንደ ውሻ አሸዋውን ወደ ኋላ ትበትናለች። አንድ ጊዜ ሞልታ አትዘጋም። ልጇ እያደገ ሲሄድ በየጊዜው አዲስ ዝንብ ታመጣለታለች። በአንድ ቀን ደጋግማ ያው ጉድጓድ ስትገባ ያያችኋት ከሆነ ይህን ያዙ። በጣም ትንሿ ደግሞ፣ ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆነች፣ ዝንቡን በመንደፊያዋ ወግታ ከኋላዋ እንደ ጥብስ ሹካ ላይ ሰክታ የምትበር ዓይነት አለች።

ንብ አዳኟን ንብ አናቢዎች በደንብ ሊያውቋት ይገባል። ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ሆዷ ቢጫ የሚበዛበት ነው። ርዝመቷ ከ13 እስከ 17 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከማር ንብ ብዙም አትለይም። ንቧን አበባ ላይ ይዛ ትነድፍና ሆድ ለሆድ አቅፋ ትበራለች። ለአንድ ልጅ ከ1 እስከ 5 ንብ ታስቀምጣለች። ከቀፎ ፊት ለፊት ሳይሆን አሸዋማ ሜዳ ላይ ፈልጓት።

ግዳዩዋ በእግሩ እየሄደ ከሆነ፦ አዎ፣ በእግሩ። አረንጓዴና ሰማያዊ እንደ ዕንቁ የምታብለጨልጭ፣ የመሃልና የኋላ ጭኗ ቀይ የሆነ፣ 2 ሴንቲሜትር ያህል የምትረዝም ተርብ አለች። በአፍሪካና በደቡብ እስያ ትገኛለች። የምታድነው ያን ትልቁን ቀይ ቡናማ የቤት በረሮ ነው። ሁለት ጊዜ ትነድፈዋለች። መጀመሪያ ደረቱን ትነድፍና የፊት እግሮቹን ለትንሽ ጊዜ ታሰንፋለች። ሁለተኛውን በቀጥታ አንጎሉ ውስጥ ትወጋዋለች። በረሮው መራመድ ይችላል፤ በራሱ ፈቃድ መራመድ ግን ይተዋል። ከዚያ አንቴናውን ትቆርጥና በቀረው ጉማጅ ይዛ፣ እንደ በግ በገመድ እየመራች ወደ ጉድጓድ ትወስደዋለች። እንቁላሏን እግሩ ላይ ጥላ በሩን በጠጠርና በስብርባሪ ትዘጋለች። እ.ኤ.አ. በ1941 ሳይንቲስቶች በረሮን ለመቀነስ ብለው ወደ ሃዋይ ወስደዋት ነበር።

ምንም ካልያዘች፦ መሬት ዝቅ ብላ ሣር ላይ እየዞረች አፈር ውስጥ የምትገባ፣ ትልቅና ፀጉራም ተርብ ካያችሁ ሸክም አትጠብቁ። እሷ የጥንዚዛ እጭን እዚያው አፈር ውስጥ አግኝታ ትነድፋለች፤ እዚያው እንቁላል ትጥልበታለች። ምንም አትሸከምም።

4. ግዳዩን ለብቻው ለዩ

አንዳንዴ ተርቧ ደንግጣ ግዳዩን ጥላ ትሄዳለች። ቶሎ ፎቶ አንሱና ተዉላት፤ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች። መጀመሪያ እግር ቁጠሩ። 8 ከሆነ ሸረሪት ነው፤ 6 ከሆነ ነፍሳት ነው።

ትል መሳይ ከሆነ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አባጨጓሬ ከፊት 3 ጥንድ ትክክለኛ እግሮች፣ ከመሃልና ከኋላ ደግሞ እስከ 5 ጥንድ ለስላሳ እግሮች አሉት። የጥንዚዛ እጭ ከፊት ብቻ እግር ኖሮት እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ተምችን መለየት ለገበሬው ስለሚጠቅም እዚህ ላይ ጨምሬ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ኢትዮጵያ የገባው መጤ ተምች ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር አለው። ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ በካሬ የተቀመጡ 4 ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ጭቃ ጎጆ ውስጥ ያገኛችሁት አባጨጓሬ ይህን ምልክት ከያዘ፣ ያቺ ተርብ በቆሎ ማሳ ላይ እያገዘች ነው ማለት ነው።

ጠንካራ ልባስ ያለው ጥንዚዛ ከሆነስ? የተርቧን ሆድ እዩ። ክፍሎቹ በየመሃላቸው እንደ ጨሌ የተሰረሰሩ ከሆኑ ጥንዚዛ አዳኟ ናት። የእሷ ዘመድ የሆነች ተርብ በአሜሪካ ጥሩ ሥራ ላይ ውላለች። የዛፍ ባለሙያዎች ጉድጓዷ አጠገብ ተቀምጠው ያመጣቻቸውን ጥንዚዛዎች ይመረምራሉ። ዛፍ የሚያደርቀው መጤ ጥንዚዛ አካባቢው ላይ መግባቱን ከእሷ ሸክም ያውቃሉ።

5. ከጎጆው ማወቅ

ተርቧን ራሷን ባታገኙም ጎጆዋ ይናገራል። አፈር ላይ ያለውን ጉድጓድ ስትመለከቱ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዙሪያውን አትነካኩ። ጠጠሩን፣ ቅጠሉን፣ ደረቁን ፍሬ እንዳለ ተዉት። ኒኮላስ ቲንበርገን የተባለው የኔዘርላንድ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በንብ አዳኟ ላይ ያደረገው ሙከራ ምክንያቱን ያሳያል። በጉድጓዷ ዙሪያ የጥድ ፍሬዎች በክብ ደረደረ። ከለመደቻቸው በኋላ፣ ለአደን ስትወጣ ክቡን ወደ ጎን አዞረው። ስትመለስ የሄደችው ወደ ጉድጓዷ ሳይሆን ወደ ክቡ መሃል ነበር። ቤቷን የምታውቀው በዙሪያው ባለው ምልክት ነው። እናንተ ለፎቶ ብላችሁ ያነሳችሁት ጠጠር እሷን ደጇ ላይ ሊያስጠፋት ይችላል። በነገራችን ላይ ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው።

ጭቃ ከሆነ ቅርጹን ለዩ። አንገት ያላት፣ አፏ ወደ ውጭ የተገለበጠች ትንሽ እንስራ የመሰለች ከሆነ የአባጨጓሬ አዳኝ ቤት ናት። ይህቺ ተርብ ስታርፍ ክንፏን በቁመቱ ታጥፈዋለች፤ ስለዚህ ክንፏ ቀጭን ይመስላል። ባዶዋ እንስራ ውስጥ መጀመሪያ እንቁላሏን በቀጭን ክር ከጣሪያው ታንጠለጥላለች፤ አባጨጓሬዎቹን ከዚያ በኋላ ትሞላለች።

ጎን ለጎን የተደረደሩ ቱቦዎች ሆነው በላያቸው ጭቃ የተለቀለቀባቸው ከሆኑ፣ ያ መግቢያዬ ላይ ያነሳሁት ነው። ባለቤቷ ጥቁር ናት፤ ወገቧ እንደ ቢጫ ሽቦ የረዘመ ነው። ውስጡ ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶች አሉ። በሌላ በኩል ትናንሽ በርሜል የመሰሉ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ሸረሪት ብቻ ያለባቸው፣ ሸረሪቷም እግሯ የተቆረጠ ከሆነ፣ የዚያች ጎታቿ ተርብ ትንሽ ዘመድ ሥራ ነው። እግሩን የምትቆርጠው ለሸክም እንዲቀላት ነው።

ለረጅም ጊዜ ያሳሳተኝን ነገርም ልንገራችሁ። የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ተርብ በዚህ ጭቃ ላይ ሳይ ሠሪዋ እሷ ናት ብዬ እመዘግብ ነበር። አይደለችም። እሷ አሮጌ ጎጆ ፈልጋ፣ ውኃ በአፏ አምጥታ፣ ጭቃውን አርሳ ትከፍተዋለች። ከዚያ የራሷን ሸረሪቶች ትሞላበታለች። ስለዚህ ጎጆ ላይ ያያችኋትን ሁሉ ባለቤት አታድርጉ። ጭቃ ይዛ ስትመጣ ካያችኋት ብቻ ሠሪዋ ናት በሉ።

6. የጭቃ ጎጆ መክፈት

በሕይወት ያለ ጎጆ አትክፈቱ። አሮጌው ክብ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ልጆቹ የወጡበት ነው። ቀዳዳ ከሌለው ገና ውስጡ አሉ።

አሮጌውን በቢላዋ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ከግድግዳው አላቁት። ነጭ ወረቀት ላይ በጀርባው አስተኙት። ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረው በኩል ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሆነ ክፍሎቹ ወዲያው ይታያሉ። ቡናማ፣ ቀጭን፣ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት የሚንኮሻኮሽ ከረጢት ካገኛችሁ ልጁ አድጎ ራሱን የጠቀለለበት ነው። እግርና ቅርፊት ብቻ ከቀረ ተበልቷል ማለት ነው። ሸረሪቶቹ ሙሉ ሆነው ደርቀው ከተገኙ ደግሞ እንቁላሉ አልተፈለፈለም ወይም ሞቷል። ለእኛ ይህ ምርጡ ክፍል ነው፤ ምን እንዳደነች ሙሉ ዝርዝሩ ተቀምጧል።

ሸረሪቶቹን በወረንጦ አንድ በአንድ አውጡ። ዓይናቸውን በአጉሊ መነጽር እዩ። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ካሏቸው ዘላዮቹ ናቸው። ሆዳቸው ትልቅና ድቡልቡል ከሆነ ክብ ድር የሚሠሩት ናቸው። የፊት ሁለት ጥንድ እግሮቻቸው ከኋለኞቹ በጣም ከረዘሙ አበባ ላይ የሚያደቡት ናቸው። ለየብቻ ቆጥራችሁ መዝግቡ። የአንድ ግቢ ጎጆዎች በዘላዮቹ፣ የሌላው በድር ሠሪዎቹ ሞልተው ልታገኙ ትችላላችሁ። ተርቧ የሰፈሩን ሸረሪቶች ቆጥራ ያስቀመጠችላችሁ ያህል ነው።

7. መዝግቡ፣ አሳድጉ

ለእያንዳንዷ ተርብ ቢያንስ ሦስት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ከላይ፣ ከጎን (ወገቧ እንዲታይ) እና ፊቷ። ግዳዩን ለብቻ አራተኛ አድርጉት። አጠገቧ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ቢኖር መጠኑ ይታወቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን ጻፉ። ፎቶውን አይናቹራሊስት በሚባለው መተግበሪያ ላይ ብታስገቡት ሌሎች ተመልካቾችና ባለሙያዎች በመለየቱ ያግዟችኋል። ሲያግዟችሁ ግዳዩን መጥቀስ አትርሱ።

በመጨረሻም፣ ለቤት እድሳት የግድ መነሳት ያለበት ቀዳዳ የሌለው ጎጆ ካጋጠማችሁ አትጣሉት። ሰፊ አፍ ባለው ማሰሮ ወይም የጃም ብርጭቆ ውስጥ አስገቡት። አፉን በስስ ነጠላ ቁራጭ እሰሩና ፀሐይ በማይመታው ቦታ አስቀምጡት። በየቀኑ ጠዋት እዩት። የሚወጣው ሁልጊዜ ያቺ ወገበ ቢጫ ላትሆን ትችላለች። አንዳንዴ የምትወጣው ሌላ ተርብ ናት፤ ትንሽ፣ እንደ ኤመራልድ አረንጓዴ፣ ስትነካ እንደ ኳስ የምትጠቀለል። እሷ አታድንም። እናቷ ጭቃው ሳይዘጋ ሾልካ ገብታ እንቁላሏን ጥላ ነበር። እሷንም በዚያው ገጽ ላይ፣ የወጣችበትን ቀን ጽፋችሁ መዝግቧትና ነጠላውን ፍቱላት።